የአቼቶው ክርክር

እህት ዓለም፣

እንደምን ከርመሻል? ልጆቹስ? ሱቁስ እንዴት ነው? እኔ ደህና ነኝ። ደሴም ያው ናት። ጠዋት ጠዋት ጦሳ ጉሙን ይለብሳል፣ እኛ ጋቢያችንን እንለብሳለን።

መጀመሪያ የከበደኝን ልናገር። እናትሽ ያረፉ ጊዜ አልመጣሁም። ኅዳር 2014 ነበር። ስልኩም መንገዱም ተዘግቶ ስለነበር መርዶውን የሰማሁት ዘግይቼ ነው። በኋላ መንገዱ ተከፈተ። ያኔም አልመጣሁም። ለቅሶ ሳልደርስ በምን አፌ ልደውል እያልኩ፣ ዛሬ ነገ ስል ይኸው ዓመታት ነጎዱ። ሌላ ምክንያት የለኝም።

ዛሬ ብዕር ያስነሳኝ ግን አቼቶ ነው፤ ያ የተማሪነት ክርክራችን። አትሳቂ።

የእህቴ ልጅ ዘንድሮ 12ኛ ክፍል ነው። ኬሚስትሪ አስጠኚኝ ብሎ ያዘኝ። ከዴቢትና ከክሬዲት ሌላ ነገር ካየሁ ስንት ዘመኔ! መጽሐፉን ስከፍተው ያቺ ወዲህም ወዲያም የምታመለክት ድርብ ቀስት ብቅ አለች። ኢኩሊብሪየም፣ የሁለት ወገን ሚዛን። ወዲያው አንቺ ትዝ አልሽኝ።

ልጁ እንደኔ ደረቅ ነው። «ኢኩሊብሪየም ላይ ሲደርስ ሪአክሽኑ ያቆማል» ይላል። አያቆምም ብለው አይሰማም። ጥቁር ሻይ በብርጭቆ ቀዳሁለትና ግማሽ ሎሚ ጨመቅኩበት። ያ ደም የመሰለ ሻይ ፈክቶ ብጫ ቢጤ ሆነ። «በቃ፣ አለቀ» አለ። ከጓዳ ቤኪንግ ሶዳ አምጥቼ በማንኪያ ጫፍ ጣል ሳደርግበት ሽቅብ ገነፈለና የእናቴን የጠረጴዛ ልብስ አበላሸው። ሲሰክን ግን ሻዩ ከመጀመሪያውም ብሶ ጠቁሯል። እንደገና ሎሚ፤ እንደገና ፈካ። የሻዩ ቀለም ራሱ ደካማ አሲድ ነው አልኩት። ሃይድሮጂን አዮኑን (ያን የሚያኮመጥጠውን) ሲለቅ ይጠቁራል፣ መልሶ ሲይዝ ይፈካል። ሎሚው አዮን ሲጨምርበት ወደ መያዙ ያደላል፣ ሶዳው ሲቀማው ወደ መልቀቁ። ፈረንሳዊው ለ ሻተልዬ በፈረንጆቹ 1884 ያለው ይኸው ነው፤ ሚዛን ላይ ያለን ነገር ስትነካኪው የነካሽውን ወደሚያቀልለት ጎን ያዘነብላል። (ሻዩን ቀምሼዋለሁ። አይጠጣም።)

አሁንም «ካልነካሽው ግን ቆሟል» አለኝ። የደሴ ኮምቦልቻን መንገድ፣ ሐረጎን ጠራሁለት። ደሴ መናኸሪያ 20 ሚኒባስ አለ፣ ኮምቦልቻ 50 አለ እንበል። በሰዓት አምስት ይወርዳል፣ አምስት ይወጣል። መናኸሪያው ላይ ቆመሽ ብትቆጥሪ ሁሌም 20 ነው፤ ሐረጎ ላይ ግን ጡሩንባው አያስተኛም። እኩል የሆነው የመውጣትና የመውረዱ ፍጥነት ነው፣ የመኪናው ብዛት አይደለም። «ማታስ?» አለኝ እርጉሙ። ማታማ ሚኒባስ የለም። ሞለኪውል ግን ማታም አይተኛም አልኩትና ዘጋሁት።

ይህን የወዲህና የወዲያ ፍጥነት ሚዛን ሕግ መጀመሪያ የጻፉት ጉልድበርግና ቫገ የሚባሉ ሁለት ኖርዌያውያን ናቸው፣ በፈረንጆቹ 1864። አማቾች ነበሩ። በገዛ ቋንቋቸው ስለጻፉት ሌላው አገር ሳያየው ቀረ። በፈረንሳይኛ ደገሙት፣ ያም ብዙ ሰሚ አላገኘም። በ1879 በጀርመንኛ ነው የተሳካላቸው። አሥራ አምስት ዓመት! ከኛ ዝምታ ይብሳል።

ወደ አቼቶው ልምጣ። ያን ፈተና ታስታውሺዋለሽ? ደካማ አሲድ ላይ ውሃ ሲጨመር ምን ይሆናል የሚለውን። ሃይድሮጂን አዮኑን ለቆ የሚበተነው ከመቶ እጁ ይጨምራል፤ እዚህ ላይ ተስማምተናል። እኔ፣ እንግዲያው ይበልጥ ይኮመጥጣላ አልኩ። አንቺ አይኮመጥጥም አልሽ። ከትምህርት ቤት እስከ ፒያሳ ስንጨቃጨቅ ወረድን። ተሸናፊዋ ሁለት ሻይ ልትከፍል ተወራረድን። ወረቀቱ ሲመለስ በቀይ ተሰርዞብኝ፣ መምህሩ ነው የተሳሳተው ብዬ ድርቅ አልኩ። ሻዩንም አልከፈልኩ።

ባለፈው እሁድ ለልጁ ስሠራለት በገዛ እጄ ቁጥሩ ወጣ። አሴቲክ አሲድ፣ ያው የአቼቶው አሲድ፣ 0.1 ሞላር (በሊትር 0.1 ሞል)። ከመቶ ሞለኪውል የሚበተነው አንድ ገደማ ነው፣ 1.3 ለማለት ነው። አሥር እጥፍ አቅጥኚው፤ ከመቶ አራት ይሆናል። እኔ እዚህ ላይ ነው ቆሜ የቀረሁት። ግን ቦታውም አሥር እጥፍ ሰፍቷል! ሃይድሮጂን አዮኑ በሊትር ከ0.0013 ሞል ወደ 0.0004 ወረደ። ፒኤቹ፣ ኮምጣጣነት ሲቀንስ የሚወጣው መለኪያ፣ ከ2.9 ወደ 3.4 ወጣ። ኮምጣጣነቱ ቀነሰ ማለት ነው። ሰርግ ቤት አስቢው። ከመቶ ሰው አንድ ይጨፍር የነበረው አራት ተነሳ፤ ድንኳኑ ግን አሥር እጥፍ ተዘርግቷል። ጭፈራው ከድሮው ሳስቷል እንጂ አልደመቀም።

ለምን ብዙ ይበተናል የሚለውም ያኔ አልገባኝም ነበር። ለካ ነገሩ ቀላል ነው። ሞለኪውሉ ለመለያየት ሌላ ሞለኪውል አይጠብቅም፤ ውሃው እንደሆነ በየአቅጣጫው ሞልቷል። ተመልሶ ለመያያዝ ግን ሁለቱ አዮኖች መገናኘት አለባቸው። ቦታው በሰፋ ቁጥር መገናኘቱ ይከብዳል። ስለዚህ ብዙዎቹ እንደተለያዩ ይቆያሉ። እዚህ ላይ እርሳሴን አስቀምጬ ትንሽ ዝም አልኩ። ልጁ «ምን ሆንሽ?» ሁሉ አለኝ።

እና አንቺ ነበርሽ ትክክል። መምህሩም። እሱን ከየት አግኝቼ ይቅርታ እንደምለው እንጃ።

ያ ሻይ ቤት የለም፤ የስልክ እቃ መሸጫ ሆኗል። ሰኔ 30 መዝገብ እንዘጋለን፣ ከዚያ በፊት ንቅንቅ ማለት አልችልም። ሐምሌ ግን እረፍት ጠይቄያለሁ፣ ድሬዳዋ እመጣለሁ። እናትሽ ያረፉበት ትወስጂኛለሽ። ሁለቱን ሻይ ከዚያ ስንመለስ እከፍላለሁ።

ቁጥሬ አልተለወጠም። ካልደወልሽም እመጣለሁ።

ያንቺው ደረቅ