ውጤቱን ማን አነበበው?

ይድረስ ለአዘጋጁ፦

አክስቴ አንገታቸው ላይ ለወጣው እብጠት እዚሁ ድሬዳዋ በአንድ የግል ክሊኒክ በመርፌ ናሙና ተወሰደላቸው። የውጤቱ ወረቀት ላይ የደበዘዘ ማኅተምና የማይነበብ ፊርማ እንጂ ስም የለም። ስንጠይቅ «ዶክተሩ ናቸው ያዩት» ተባልን። የትኛው ዶክተር?

እንዲህ ያለውን ናሙና በማይክሮስኮፕ አይቶ በሽታውን የሚለየው ፓቶሎጂስት ነው፤ ከሕክምና ዲግሪው በኋላ ለዓመታት በስፔሻሊቲ የሠለጠነ ሐኪም። በመርፌ የተቀዳው መስታወት ላይ ይቀባል፤ በቀዶ ሕክምና የወጣው ደግሞ ፎርማሊን ውስጥ ቆይቶ፣ በሰም ተይዞ፣ በስሱ ተቆርጦ ቀለም ይነከራል። ይህን የላብራቶሪ ባለሙያው ይሠራዋል። ካንሰር ነው አይደለም የሚለውን የሚወስነው ግን ማይክሮስኮፑን የሚያየው ሐኪም ነው። ታማሚው ፊቱን እንኳ አያየውም፤ ቀዶ ሐኪሙ ምላጭ የሚያነሣው ደግሞ በእሱ ቃል ነው።

ስለዚህ ጤና ቢሮው በየውጤቱ ላይ የአንባቢው ሙሉ ስም፣ ስፔሻሊቲና የሙያ ፈቃድ ቁጥር እንዲጻፍ ያስገድድልን። ናሙናው ያረፈበት መስታወት፣ ስላይዱም ይቀመጥ። እኛ ጥቁር አንበሳ ወስደን በሌላ ዓይን ለማሳየት ብንጠይቅ «ተጥሏል» አሉን፤ አክስቴ በዚያ ዕድሜያቸው እንደገና መርፌ ተወጉ።

ናሙና ላኪዎቹም ቢሆኑ ከነቀፋ አያመልጡም። በአክስቴ መጠየቂያ ላይ የተጻፈው «አንገት» የሚል ብቻ ነበር። እብጠቱ መቼ እንደጀመረ፣ ቲቢ ታመው ያውቁ እንደሆነ ሳይነገረው ፓቶሎጂስቱ ምን ያድርግ?

የከዚራ ነዋሪ፣ ድሬዳዋ