የመንገድ ዳር ሞቴሎችም ቅርስ ናቸው

ለዝግጅት ክፍሉ፦

በአሜሪካ አውራ ጎዳናዎች ዳር ያሉ የድሮ ሞቴሎች «አሮጌ ቤት» እየተባሉ መፍረሳቸው ያሳዝነኛል። መኪና የሰዉን ኑሮ እንዴት እንደለወጠ ከእነሱ በላይ የሚመሰክር የለም። ሩት 66 በተባለው የድሮ አውራ ጎዳና ላይ፣ ሆልብሩክ አሪዞና ያለውን ዊግዋም ሞቴል ተመልከቱ። እያንዳንዱ ክፍል በድንኳን ቅርጽ የተሠራ ነጭ የኮንክሪት ቤት ነው። በመኪና የሚያልፍ ሰው ከሩቅ አይቶ እንዲቆም ታስቦ የተሠራ ነው፤ ሕንፃው ራሱ ማስታወቂያ ነው።

ሌሎቹ የከሰሩት ባለቤቶቻቸው ሰንፈው አይደለም። አዲሶቹ ፈጣን መንገዶች ተጓዡን ወሰዱባቸው፤ ሩት 66ም እ.ኤ.አ. በ1985 ከአገር አቀፉ የአውራ ጎዳናዎች ዝርዝር ተሰረዘ።

ከተሞች የማፍረሻ ፈቃድ ከመስጠታቸው በፊት ሕንፃውን በፎቶና በፕላን ይመዝግቡ። የሞቴሉን የኒዮን (ባለቀለም መብራት) ምልክት ለሚያሳድስ ባለቤትም የንብረት ግብር ይቀንሱለት።