በጨቅላ ሕፃናት ክፍል ኢንፌክሽን ሲበዛ፦ ከበረኪናው በፊት ዝርዝሩ

አዳማ

ለተከበራችሁ ደንበኞቻችን፣ በተለይም የጨቅላ ሕፃናት ፅኑ ሕክምና ክፍል ላላችሁ ሆስፒታሎች

በክፍላችሁ ኢንፌክሽን የበዛ ሲመስላችሁ ብዙ ጊዜ የምትጠይቁን ጠንከር ያለ በረኪና ነው። እንልካለን። ግን የሕሙማኑ ዝርዝር ይቅደም የምንለው ለምን እንደሆነ ልናስረዳችሁ እንወዳለን፤ ምንጩ ሳይታወቅ ወለልና ግድግዳ ቢታጠብ ሕፃናቱ መታመማቸውን ይቀጥላሉ።

የእጅ ንጽሕና፣ የታመሙትን ለይቶ ማስተኛትና የራሳቸውን ነርስ መመደብ ግን ለአንድ ሰዓትም አይዘግይ።

በቅድሚያ ማን እንደሚቆጠር ወስኑ፦ ለምሳሌ «በክፍሉ ከ48 ሰዓት በላይ ቆይቶ በደም ካልቸር (ባክቴሪያን በማሳደግ በሚደረግ ምርመራ) ክሌብሲየላ የተባለ ባክቴሪያ የተገኘበት ሕፃን»። ከዚያ አልጋውን፣ የገባበትንና ሕመሙ የጀመረበትን ቀን፣ ካኑላውን (ደም ሥር ውስጥ የገባውን ቱቦ)፣ የተሰጠውን መድኃኒት በአንድ ሰንጠረዥ አስፍሩ። ብዙ ምርመራ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። ካርዱ በእኛ አቆጣጠር፣ የላቦራቶሪው ውጤት በፈረንጆች ይጻፋል። ሰዓቱም እንዲሁ፤ «8 ሰዓት» የተባለው ከቀኑ 8 ይሁን ከጠዋቱ 2 ካልተለየ፣ መድኃኒቱን የቀላቀለው የትኛው ተረኛ እንደሆነ አይታወቅም። ሁሉንም ወደ አንድ አቆጣጠር መልሱ። ቁጥሩንም ካለፉት ወራት ጋር አስተያዩ፤ ላቦራቶሪው ካልቸር መሥራት የጀመረው በቅርቡ ከሆነ፣ የጨመረው ምርመራው እንጂ በሽታው ላይሆን ይችላል።

ለእያንዳንዱ ታማሚ፣ ለማነጻጸር በዚያው ሳምንት ተኝተው ያልታመሙ ሁለት ሕፃናትን ጨምሩ። የታመሙት ከአንድ ብልቃጥ የተቀዳ መድኃኒት ወስደው ያልታመሙት ካልወሰዱ፣ ናሙናው የሚነሣው ከብልቃጡና ከማዘጋጃ ጠረጴዛው ነው። የተጠረጠረውን ብልቃጥ አትጣሉት፤ ምልክት አድርጋችሁ ፍሪጅ ውስጥ አቆዩት። ክሌብሲየላና ሌላው ባክቴሪያ ሱዶሞናስ እርጥብ ቦታ ስለሚስማማቸው የሰክሽን (ፈሳሽ መሳቢያ) ጠርሙስና ቱቦ፣ የኢንኩቤተር ውኃ መያዣ፣ የእጅ መታጠቢያው ፍሳሽ አፍ አይታለፉ። አሲኔቶባክተር የተባለው ባክቴሪያ ግን ደረቅ ነገር ላይ ለሳምንታት ይቆያል፤ የሞኒተር ገመድና የበር እጀታም ይታዩ።

ናሙና ከጽዳት በፊት ይወሰድ። ከበረኪና የቀረ ክሎሪን ስዋቡ (ናሙና መውሰጃው ጥጥ) ላይ ያለውን ባክቴሪያ ስለሚገድል ውጤቱ በሐሰት «የለም» ይላል፤ የቧንቧ ውኃ የሚቀዳበትም ጠርሙስ ክሎሪንን የሚያከሽፍ ሶዲየም ታዮሰልፌት ያለበት መሆን አለበት። በበረዶ ሣጥን፣ በ24 ሰዓት ውስጥ ላቦራቶሪ ይድረስ።

ስለ በረኪናው፦ በጠርሙሱ ላይ ያለውን ፐርሰንት ለምትፈልጉት አካፍላችሁ 1 ቀንሱ፤ 5 ፐርሰንቱን ወደ 0.5 ለማውረድ ለ1 ሊትር 9 ሊትር ውኃ ነው። ቆሻሻ ክሎሪንን ስለሚያዳክም አስቀድሞ በሳሙና ይታጠብ፤ ከዚያ በረኪናው 10 ደቂቃ ይቆይ። ድብልቁ በየቀኑ አዲስ ይበጠበጥ፤ በአዳማ ሙቀት ፀሐይ ላይ የዋለ ጀሪካን ኃይሉን ያጣልና ጥላ ውስጥ አስቀምጡት። ከአሲድና ከአሞኒያ ጋር ፈጽሞ አይቀላቀል፣ መርዛማ ጋዝ ይወጣዋል። ኢንኩቤተር የሚጸዳው ሕፃኑ ከወጣ በኋላ ነው፤ በንጹሕ ውኃ ታጥቦ፣ ደርቆና ተናፍሶ ይመለሳል።

ስዋብና ጠርሙስ ስታዙ ናሙና የምትወስዱበትን ቦታ ብቻ ጻፉልን፤ የሕሙማን ስም ለእኛ አትላኩ።

ከአክብሮት ጋር
የድርጅቱ ቴክኒክ ክፍል