ከማያሚ ቢች፣ ስለ ጥላና ስለ ሕንፃ

የተወደድክ የልብ ወዳጄ፣

ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? ባለቤትህና ልጆችህስ ደኅና ናቸው? እኔ ክብር ምስጋና ለእግዚአብሔር ይድረሰውና ደኅና ነኝ። ይህን ሁሉ ዘመን ድምፄን ማጥፋቴን በሰበብ ልሸፍነው አልፈልግም፤ የሰው አገር ኑሮ ሳይታወቅ ዓመት እንደሚበላ አንተም ከሌሎች ወዳጆችህ ሰምተሃልና ወቀሳህን እንደምታቀልልኝ ተስፋ አደርጋለሁ። ይልቅስ በመጨረሻው ደብዳቤህ የጠየቅኸኝን ልመልስልህ። በአሜሪካ ፍሎሪዳ ግዛት ባለችው በዚህች ማያሚ ቢች ውስጥ በፖስትካርድ ላይ ከሚታየው ሌላ የሕንፃ ባለሙያ ቆሞ ሊያየው የሚገባ ነገር አለ ወይ ብለኸኝ ነበር። አለ፤ ከትልልቆቹ ሆቴሎች ጀርባ ነው ያለው።

የከተማዋ ደቡባዊ ጫፍ፣ ሳውዝ ቢች የሚባለው፣ በአርት ዴኮ (በ1920ዎቹና በ1930ዎቹ የተስፋፋ ጌጠኛ የሕንፃ ስልት) ሕንፃዎቹ የታወቀ ነው፤ ባርባራ ካፒትማን የተባለች ሴት ከባልደረቦቿ ጋር ተሟግታ ከመፍረስ ስላዳነቻቸው በ1979 በአገሪቱ የታሪካዊ ቦታዎች መዝገብ ሰፍረዋል (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፍልህ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው)። እኔ የምኖረው ግን ከ63ኛው መንገድ ወደ ሰሜን፣ ኖርዝ ቢች በሚባለው ሰፈር ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የአሜሪካ ጦር የከተማዋን ሆቴሎች ይዞ እጅግ ብዙ ወታደር አሠልጥኖባቸው ነበርና፣ ሰላም ሲወርድ ከእነዚያ ብዙዎቹ ባሕሩንና ሙቀቱን ናፍቀው ከነቤተሰባቸው ተመለሱ። በዚያ ላይ አውሮፕላኑ መንገዱን አሳጠረው፣ ከሰሜን የጡረተኛው ቁጥር ጨመረ፣ ሰፈሩም በ1940ዎቹ መጨረሻና በ1950ዎቹ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ተገንብቶ አለቀ። የዚህ ዘመን የሕንፃ ስልት ማያሚ ሞደርን፣ በአጭሩ ማይሞ፣ የሚለው ስም የወጣለት ግን ዘግይቶ በ1990ዎቹ መጨረሻ ነው።

ከዚያ ዘመን አርክቴክቶች ስሙ ቀድሞ የሚነሣው ሞሪስ ላፒደስ ነው። በ1902 ኦዴሳ ተወልዶ፣ ኒው ዮርክ አድጎ፣ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ከተማረ በኋላ ለረጅም ዓመታት የሱቅ ንድፍ ሲሠራ ኖረ፤ ሰውን ከመንገድ ስቦ ወደ ውስጥ የሚያስገባው ደማቅ ብርሃንና የታጠፈ ግድግዳ መሆኑን የተማረውም እዚያ ነው። በ1954 የተከፈተው ፎንቴንብሎ ሆቴል ይህንኑ ትምህርቱን በግዙፍ መጠን የደገመበት ነው፦ ሕንፃው ጎብጦ የተዘረጋ ሲሆን፣ በእንግዳ መቀበያው ውስጥ ከካፖርት ማስቀመጫ በቀር ወዴትም የማያደርስ ታላቅ ደረጃ አለው። እንግዶች በሊፍት ይወጡና ያማረ ልብሳቸውን እያሳዩ በደረጃው ይወርዳሉ። የዘመኑ ሐያስያን አላገጡበት። ልደታ፣ ሕንፃ ኮሌጅ ሳለን ቢሆን ኖሮ አንተ ከአላጋጮቹ ፊት መሪ ትሆን እንደነበር አልጠራጠርም። እኔ ሰውየውን አከብረዋለሁ እንጂ አልወደውም፤ የሠራው የሚታይ ትያትር ነው፣ የምኖርበት ቤት ግን ትያትር እንዲሆን አልሻም።

ስለዚሁ ሆቴል ከደረጃው ይልቅ አንተን የሚያስደንቅህ የፍርድ ቤቱ ክርክር ይመስለኛል። ከፎንቴንብሎ በስተ ሰሜን ተጎራብቶ የቆመው ኤደን ሮክ ሆቴልም የላፒደስ ንድፍ ነው። የሁለቱ ባለቤቶች ቀድሞ አብረው የሠሩ፣ ኋላ ግን ሆድና ጀርባ የሆኑ ሰዎች ነበሩ። ፎንቴንብሎ በጎረቤቱ በኩል ባለ 14 ፎቅ ተጨማሪ ሕንፃ መገንባት ሲጀምር፣ በክረምት ወራት ከቀትር በኋላ ከስምንት ሰዓት አንሥቶ የሕንፃው ጥላ በኤደን ሮክ የመዋኛ ገንዳ ላይ እንደሚያርፍ ታወቀ። ፀሐይ ፈልጎ ከበረዶ አገር ለመጣ እንግዳ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይገባሃል። ኤደን ሮክ ከሰሰ፤ የፍሎሪዳ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ግን በ1959 ማንም ሰው በጎረቤቱ ይዞታ ላይ አልፎ ለሚመጣ ብርሃንና አየር በሕግ የተጠበቀ መብት የለውም ብሎ ወሰነ። ፎቁም ተሠራ። ሕንፃ ሲቆም ጥላው በማን ላይ እንደሚወድቅ ማሰብ ግዴታ አይደለም የሚል ፍርድ ለእንደ እኛ ያለ ባለሙያ መራራ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገሬ ልግባ። በባሕሩ ዳር ካለው ዋና መንገድ ከኮሊንስ ጎዳና ወደ ምዕራብ ሁለትና ሦስት መንገድ ዘልቀህ ስትገባ፣ እንዲሁም በ1920ዎቹ የተሸነሸነችውና መንገዶቿ የፈረንሳይ ስም የያዙት ኖርማንዲ አይል የምትባል ደሴት ላይ፣ ባለ ሁለት ፎቅ የኪራይ ቤቶች ተደርድረው ታገኛለህ። እንደ ኖርማን ጊለርና ጊልበርት ፋይን ያሉ፣ በእነዚህ ቤቶች ብዙ የሠሩ አርክቴክቶች ከዚህ ከተማ ውጭ የሚያውቃቸው ጥቂት ነው። ቦታው ጠባብና ረጅም ስለሆነ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ረድፍ ቤቶች በመካከላቸው አትክልት ያለበት ግቢ ትተው ፊት ለፊት ይቆማሉ። ወደ ላይኛው ፎቅ መኖሪያዎች የሚገባው እንደ እኛ አገር ኮንዶሚኒየም ክፍት በሆነ ደረጃና ከቤቱ ውጭ በተዘረጋ መተላለፊያ ነው። ልዩነቱ እዚህ መተላለፊያው የታችኛውን ቤት በርና መስኮት ከፀሐይና ከዝናብ እንዲጋርድ ሆን ተብሎ ተለክቶ መሠራቱ ነው። እያንዳንዱ መኖሪያ በሁለት ወገን መስኮት ስላለው የባሕሩ ነፋስ በአንዱ ገብቶ በሌላው ይወጣል። መስኮቶቹም በእጀታ ሲዞሩ አንድ ላይ የሚከፈቱ ጠባብ የመስታወት ቅጠሎች ናቸው፤ ዝናብ እየዘነበ እንኳ አየር ያስገባሉ።

ከምኖርበት ቤት ማዶ ካለው ሕንፃ አንዱን ልግለጽልህ። የጣሪያው ሶሌታ (የኮንክሪት ዝርግ) ከግድግዳው አልፎ ክንድ ያህል ይወጣል፤ ውፍረቱ ግን ከእጅ መዳፍ ብዙም አይበልጥም። ጫፉን የሚደግፈው ቀጥ ብሎ ሳይሆን ዘንበል ብሎ የቆመ ቀጭን የብረት ቱቦ ነው። ደረጃውን ከመንገድ የሚጋርደው በክብና በአልማዝ ቅርጽ በተበሱ ብሎኬቶች የተሠራ ግድግዳ ሲሆን፣ ጠዋት ጠዋት ፀሐይ በቀዳዳዎቹ ስታልፍ ንድፉን ቴራዞው (የእብነ በረድ ስብርባሪ በሲሚንቶ ተዋህዶ የተለሰነው) ወለል ላይ ታትመዋለች። ጌጥ የደካማ ንድፍ መሸፈኛ ነው እያልክ ትከራከረኝ አልነበረም? ይህን ብሎኬት አይተህ ፍረድ። ነፋስ ያሳልፋል፣ ብርሃን ያለዝባል፣ ከመንገደኛ ዓይን ይሰውራል፣ ቤቱንም ያስጌጣል፤ ዋጋው ደግሞ ከተራ ብሎኬት እምብዛም የራቀ አልነበረም። ላፒደስ በብዙ ገንዘብ ያመጣውን ደስታ እነዚህ ሰዎች በአንድ ቁራጭ ሲሚንቶ አመጡት። ቤቱን ያከሰረው ኋላ የመጣው የአየር ማቀዝቀዣ ነው፤ መስኮቱ ተደፍኖ በግድግዳው ላይ ማሽን ሲሰካ፣ ለነፋስ የተሠራው ሁሉ ሥራ ፈት ሆነ።

ይህን ሁሉ ሳሞግስ ጥላው ለማን እንደነበር ግን አልረሳሁም። በዚያ ዘመን የባሕሩ ዳርቻ ሆቴሎች ጥቁር ዘፋኞችን በመድረካቸው ላይ ያዘፍኑ ነበር እንጂ አልጋ አይሰጧቸውም ነበር፤ ዘፋኞቹ ከምሽቱ ሥራቸው በኋላ ባሕረ ሰላጤውን ተሻግረው በማያሚ ጥቁር ሰፈሮች ያድሩ ነበር። ከማደሪያዎቹ አንዱ ሃምፕተን ሃውስ በራሱ የዚሁ ዘመን ሕንፃ ነው፤ ማርቲን ሉተር ኪንግ አርፎበታል፣ ኋላ መሐመድ ዓሊ የተባለው ቦክሰኛ ካሲየስ ክሌይም በየካቲት 1964 ማያሚ ቢች ላይ ሶኒ ሊስተንን አሸንፎ የዓለም ሻምፒዮን ሲሆን ድሉን ያከበረው እዚያ ነው። ማያሚ ከመጣህ ከፎንቴንብሎ በፊት የምወስድህ ወደዚህ ነው።

የዚህ ዘመን ሕንፃዎች አሁን ያሉበት ሁኔታ ያሳስበኛል። የባሕር ጨው አርማታው ውስጥ ገብቶ ፌሮውን ሲያዝገው ብረቱ ያብጣል፣ ያበጠውም ብረት ኮንክሪቱን ከውስጥ ይሰነጥቀዋል፤ ቀጫጭኖቹ ሶሌታዎች ሥር የዝገት መሥመር ማየት እዚህ የተለመደ ነው። በሜልቪን ግሮስማን ንድፍ በ1957 የተሠራውና ቢትልስ በ1964 ለቴሌቪዥን የተጫወቱበት ዶቪል ሆቴል በ2017 ከደረሰበት የኤሌክትሪክ እሳት በኋላ ተዘግቶ ቆይቶ በኅዳር 2022 በፈንጂ ፈረሰ። ከእኛ ሰፈር ቀጥሎ ባለው ሰርፍሳይድ በ1981 የተሠራ የመኖሪያ ሕንፃ በሰኔ 2021 ሌሊት ተደርምሶ 98 ሰው ከሞተ ወዲህ ደግሞ ያረጀ ሕንፃ ሁሉ በጥርጣሬ ይታያል፤ ጥርጣሬው ተገቢ ቢሆንም ለማፍረስ ለሚቸኩልም ጥሩ ምክንያት ሆኖለታል። ውኃውም አለ። መሬቱ ቀዳዳ የበዛበት የኖራ ድንጋይ ስለሆነ በመጸው ወራት ባሕሩ ሲሞላ ውኃው ከሥር በጎርፍ መውረጃ ቱቦዎች ሽቅብ ይወጣል፤ የእነዚህ ቤቶች የምድር ወለል ደግሞ ዝቅ ያለ ነው። ኖርማንዲ አይል በ2008፣ ከባሕሩ ወገን ያለው ሰፈር ደግሞ በ2009 በአገሪቱ መዝገብ ገብተዋል፤ ይሁን እንጂ ያ መዝገብ ክብር እንጂ መከታ አይደለም፣ ባለቤቱ በራሱ ገንዘብ ላፍርስ ቢል የሚያግደው የከተማው ሕግ ብቻ ነው። እኔን ብትጠይቀኝ አንድ ግዙፍ ሆቴል ከማዳን አንድ ሙሉ መንገድ የእነዚህን ትንንሽ ቤቶች ማዳን ይሻላል እላለሁ፤ ምክንያቱም ለብቻው የቀረ ቤት ዙሪያው በፎቅ ሲታጠር ነፋሱንም ብርሃኑንም ያጣል፣ ፍርድ ቤቱም የሚለውን አስቀድሞ ብሏል።

አንድ ነገር አስቸግርሃለሁ። እዚህ በባሕሩ ዳር ያለው የኖርማን ጊለር ክፍት መድረክ የተሠራው በ1961 ነው፤ የጣሊያናዊው አርክቴክት የአርቱሮ ሜዜዲሚ የአፍሪካ አዳራሽ በአዲስ አበባ በተመረቀበት በዚያው ዓመት ማለት ነው። በዚያ ዘመን በተሠሩ የአዲስ አበባ ቤቶች ደረጃ ላይ የተበሳ ብሎኬት እንዳየሁ አስታውሳለሁና፣ ባለህበት አካባቢ የቀረ ካለ ከነልኩ አንሥተህ ላክልኝ፤ በብርዳማ ደጋ ከተማ ያን ያህል ቀዳዳ ለምን እንዳስፈለገም የምታስበውን ጻፍልኝ። እኔም የማዶውን ቤት ፕላንና ቁርጥ ነድፌ ከዚህ ደብዳቤ ጋር አያይዤልሃለሁ። ለቤተሰብህ ሁሉ ሰላምታዬን አቅርብልኝ።

የአንተው ወዳጅ