ላሟን አትርሷት

ይድረስ ለአዘጋጁ፦

ስለ ቼርኖቤል የኑክሌር ጣቢያ አደጋ ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብኩት። ጥሩ ነው፤ ግን ላሟን ረስታችኋታል።

እ.ኤ.አ. በ1986 አደጋው ሲደርስ አዮዲን 131 የተባለው ጨረር አመንጪ ንጥረ ነገር በነፋስና በዝናብ መጥቶ ሣሩ ላይ አረፈ። ላም ደግሞ ሣሩን በምላሷ ጠቅልላ ነው የምትነጨው። ሰፊ መስክ ላይ የተበተነውን ቀኑን ሙሉ ስትሰበስብ ውላ ወደ ወተቷ ታሳልፈዋለች። በዩክሬን፣ በቤላሩስና በሩሲያ ብዙ ልጆች በታይሮይድ (አንገት ላይ ባለው ዕጢ) ካንሰር የታመሙት በዋናነት በዚህ ወተት ነው። እኔን የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው። አዮዲን 131 እኮ በየ8 ቀኑ በግማሽ ይቀንሳል! ላሞቹን ለጥቂት ሳምንታት ከመስክ አስወጥቶ የቆየ ድርቆሽ ማብላት ስንቱን ልጅ ባዳነ ነበር።

ከዚያው አደጋ የወጣው ሌላው ጨረር አመንጪ፣ ሲዚየም 137፣ ግን ሌላ ነገር ነው። ግማሹ እስኪጠፋ 30 ዓመት ይፈጃል። ተክል ከሚፈልገው ከፖታሲየም ጋር ስለሚመሳሰል ተክሉ በሥሩ ይስበዋል፤ ከዚያ የከብቱ ሥጋ ውስጥ ይገባል። የሸክላ አፈር አጥብቆ ይይዘዋል፤ ረግረጋማው የተራራ መሬት ግን ለሣሩ ይለቀዋል። በብሪታንያዋ ዌልስ ሳይቀር አንዳንድ በግ አርቢዎች እስከ እ.ኤ.አ. 2012 ድረስ ቁጥጥር ያልተነሳላቸው ለዚህ ነው።

በሚቀጥለው እትም ይህን ብታክሉበት ደስ ይለኛል።

አክባሪያችሁ
የዘወትር አንባቢ