አንዱን አግዶ ዘመዱን ማስገባት

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

የአውሮፓ ኅብረት «ሪች» የተባለውን የኬሚካል ሕጉን ያሻሽላል ሲባል ዓመታት ተቆጠሩ። እ.ኤ.አ. በ2007 ሥራ ላይ የዋለው ሕግ «መረጃ ከሌለ ገበያ የለም» የሚል መልካም መርሕ አለው። ችግሩ ንጥረ ነገሮችን አንድ በአንድ እየመረመረ ማገዱ ነው።

ከሱቅ የምንቀበለውን ደረሰኝ እንመልከት። ከ2020 ጀምሮ በደረሰኝ ወረቀት ላይ ቢስፌኖል ኤ የተባለው ጎጂ ኬሚካል ሲከለከል፣ አምራቾች ወደ ቅርብ ዘመዱ ወደ ቢስፌኖል ኤስ ዞሩ። እርሱም የሆርሞን ሥርዓትን እንደሚያዛባ በይፋ የታመነው በ2023 ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ!

ስለዚህ ተመሳሳይ ኬሚካሎች በቡድን ይታገዱ። አምስት አገሮች በ2023 ፒፋስ የሚባሉትን በቀላሉ የማይበሰብሱ ኬሚካሎች በአንድነት ለመገደብ ያቀረቡት ሐሳብ ትክክለኛ መንገድ ነው። ኢንዱስትሪው ወጪ በዛብኝ ይላል፤ የተበከለ የመጠጥ ውኃ ማጣራትስ በነጻ ነው እንዴ?

አንድ ነገር ልጨምር። ኅብረቱ በ2020 በአውሮፓ የታገዱ፣ ፀረ ተባይን ጨምሮ ጎጂ ኬሚካሎች ለውጭ ገበያ እንዳይመረቱ አደርጋለሁ ብሎ ነበር። በዝዋይ ለኔዘርላንድስ ገበያ ጽጌረዳ ከሚቆርጡት እህቶቻችን አንዷ «ቃሉ የት ደረሰ?» ብትል ማን ይመልስላታል?

አንድ አንባቢያችሁ