«ቀላል» ያላችሁትን ሒሳብ እስቲ አብረን እንሥራው

ለተከበረው የዝግጅት ክፍል፦

ከሚገባው በላይ የተከፈለ የመንግሥት ድጎማ ከተቀባዮች ላይ ሊመለስ ነው ብላችሁ ያወጣችሁትን ዘገባ አነበብኩት። ተናደድኩና ደግሜ አነበብኩት። አንድ ኃላፊ ተናግረዋል። አንድ የምጣኔ ሀብት ባለሙያ ተናግረዋል። የሶፍትዌሩን አሠራር የሚያሳይ ሥዕል እንኳ ሰፊ ቦታ አግኝቷል። «ይህን ያህል ክፈል» የሚለው ደብዳቤ የደረሰው ሰው ግን አንድም ቃል አልተነፈሰም። እኛ በዘገባው ውስጥ ያለነው «ባለዕዳዎች» በሚል የወል ስም ተጠቅልለን ነው።

ብዙ የምለው ነበረኝ። አራተኛው አንቀጽ ላይ ስደርስ ግን ሌላው ሁሉ ጠፋብኝ። መሥሪያ ቤቱ የሰውየውን ዓመታዊ ገቢ ከግብር መዝገብ ይወስዳል፣ ለየክፍያ ጊዜው ያካፍለዋል፣ ከተከፈለው ድጎማ ጋር ያስተያየዋል፤ «ሒሳቡ ቀላል ነው» ይላል ዘጋቢያችሁ። ቀላልነቱንስ ማን ካደ? ማካፈል የሦስተኛ ክፍል ተማሪም ይችላል።

እስቲ አብረን እንሥራው። አንድ ሰው በዓመቱ የመጀመሪያ ስድስት ወራት ሠርቶ 26 ሺህ አገኘ እንበል። የገንዘቡን ዓይነት ተዉት፣ ዶላርም ይሁን ዩሮ ስሌቱ ያው ነው። በቀሪው ስድስት ወር ሥራ ፈታ፤ ገቢ እንደሌለው አመለከተና ሕጉ የሚፈቅድለትን ድጎማ ወሰደ። ድጎማው በየሁለት ሳምንቱ የሚሰጥ ከሆነ በዓመት 26 የክፍያ ጊዜ አለ። 26 ሺህ ለ26 ሲካፈል አንድ ሺህ ይደርሳል። እንግዲህ ኮምፒዩተሩ ሰውየው እቤቱ በተቀመጠባቸው 13 የክፍያ ጊዜዎች ሁሉ አንድ አንድ ሺህ ገቢ ይጽፍለታል። ከዚያ «ገቢ እያለህ የለኝም ብለሃል፣ የወሰድከውን መልስ» ይለዋል። ሰውየው አልዋሸም። የግብር መዝገቡም አልተሳሳተም። ዕዳው የመጣው ከማካፈሉ ነው። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ይሏል ይኼ ነው።

ዓመቱን ሙሉ እኩል ደመወዝ የሚያገኝ ሰው በዚህ ስሌት አይነካም፤ አማካይ ገቢውና እውነተኛ ገቢው አንድ ነው። (ዘጋቢያችሁም፣ ኃላፊውም፣ ባለሙያውም የወር ደመወዝተኞች እንደሆኑ ብወራረድ አልከስርም።) የሚመታው በሰዓት የሚከፈለው፣ ፈረቃው ዛሬ ሞልቶ ነገ የሚነጥፍበት፣ ታሞ የከረመው፣ ወልዳ አራስ ቤት የቆየችው ነው። ድጎማ ደግሞ የተሠራው ለማን ሆነና!

ይህን ከንዴት ብዛት የፈጠርኩት እንዳይመስላችሁ። አውስትራሊያ ሞክራዋለች፤ ሕዝቡ «ሮቦዴት»፣ የሮቦት ዕዳ እንደማለት፣ የሚል ስም አውጥቶለታል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2016 አሠራሩ ወደ ኮምፒዩተር ሲዞር ቀድሞ በዓመት 20 ሺህ ገደማ የነበረው የገቢ ማጣራት በሳምንት 20 ሺህ ደረሰ። ፍጥነቱ የመጣው ከመካከል ሰው ስለወጣ ነው። ቀድሞ አንድ ሠራተኛ ቁጥሮቹ አልገጥም ሲሉት ቀጣሪውን ጠይቆ ያጣራ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ማጣራቱ የደብዳቤው ተቀባይ ዕዳ ሆነ። በኅዳር 2019 አንዲት ሴት ያቀረበችው ክስ ፌዴራል ፍርድ ቤቱ ዘንድ ደርሶ፣ በአማካይ ገቢ ብቻ የቆመ ዕዳ ሕጋዊ መሠረት እንደሌለው ተወሰነ፤ መንግሥትም አልተከራከረም። በ2020 መንግሥት 470 ሺህ ያህል ዕዳዎችን ሰርዞ 721 ሚሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር እንደሚመልስ አስታወቀ። ነገሩን የመረመረው ንጉሣዊ ኮሚሽን የሚባለው ከፍተኛ አጣሪ አካል በሐምሌ 2023 ባወጣው ሪፖርት አሠራሩ ጭካኔ የተሞላበት፣ ፍትሐዊም ሕጋዊም ያልነበረ መሆኑን ጽፏል። ኮሚሽኑ ፊት ከመሰከሩት መካከል ልጆቻቸው ራሳቸውን ያጠፉባቸው እናቶች ነበሩ።

ቀላል ሒሳብ!

ወደ ራሴ ልምጣ፤ ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝ መቼም የአውስትራሊያ ፍቅር አይደለም። እኔም በምኖርበት አገር ወረቀቱ ደርሶኛል። የፊት ገጹ ላይ ድምሩ በደማቅ ቀለም ተጽፏል። የትኛው ወር፣ የትኛው ክፍያ፣ በስንት እንደበለጠ የሚል አንድ መስመር የለም። መቃወም እንደሚቻል የተጻፈው በመጨረሻው ገጽ ጀርባ፣ መነጽር ላይ መነጽር ደርበው በሚያነቡት ፊደል ነው። ስልክ ብደውል የመጀመሪያው አማራጭ «ክፍያ ለመጀመር አንድ ቁጥርን ይጫኑ» ሆነ። «አልበደርኩም ለማለት» የሚል ቁጥር እስከ መጨረሻው ባዳምጥ አልመጣም።

ቢሮ ስሄድ የዚያን ዓመት ፔይስሊፕ (የደመወዝ መግለጫ ወረቀት) አምጣ ተባልኩ። ያሠራኝ መጋዘን ተዘግቷል። እጄ ላይ የቀሩት ጥቂት ወረቀቶች ቀለማቸው ለቅቆ የሚነበበው ስሜ ብቻ ነው። ልብ በሉ፣ ገቢዬን ያን ጊዜ በየክፍያው አሳውቄያለሁ፤ ያሳወቅሁበት ማረጋገጫ ቁጥርም አለኝ። መረጃው እነርሱ ዘንድ ነበር ማለት ነው። ለሠራተኛዋ ይህን ሳሳያት «ሲስተሙ ነው ያወጣው» አለችኝ። ሲስተሙን ማነጋገር ይቻል እንደሆነ ጠየቅኳት። አልሳቀችም፤ እኔም ስቄ አልነበረም የጠየቅኳት።

እየተከራከርኩ ባለሁበት መሐል ከድጎማዬ መቁረጥ ጀመሩ። ክርክሩን ባሸንፍ «ይመለስልሃል» ተብያለሁ። እስከዚያ ለቤት ኪራይ የሚሆን ምን እንደሆነ ሲስተሙ አላወጣም።

ባለሙያው ደግሞ ለደብዳቤው መልስ ያልሰጡ ሰዎች «ዕዳውን በተዘዋዋሪ አምነዋል» ብለዋል፤ እናንተም ሳትጠይቁ አተማችሁት። እኔ የማውቃቸው ዝም ያሉ ሰዎች ደብዳቤው የሄደው ወደለቀቁት ቤት ነው። አንዲት እናት በልጃቸው አስነብበውት፣ ልጁ ደግሞ «ክፈሉ ነው የሚለው» ብሎ ተርጉሞላቸው፣ መቃወም የሚባል ነገር መኖሩን ሳይሰሙ ከፍለዋል። በሁለተኛ ቋንቋው የመንግሥት ወረቀት የሚያነብ ሰው ምን ያህል እንደሚፈራ የአማርኛ ጋዜጣ ካላወቀ ማን ሊያውቅ ነው? ኔዘርላንድ ውስጥ በሕፃናት መዋያ ድጎማ የደረሰውን ታስታውሱ ይሆናል። አንዲት ፊርማ በመጉደሏ የዓመታት ድጎማ በሙሉ መልሱ የተባሉ ወላጆች ነበሩ፤ ግብር መሥሪያ ቤቱ አጭበርባሪ ሲፈልግ ጥምር ዜግነትን እንደ ጥርጣሬ ምልክት ሲቆጥር ተደርሶበታል። የጠቅላይ ሚኒስትር ሩተ ካቢኔ በጥር 2021 ሥልጣን የለቀቀው በዚህ ጉዳይ ነው። እነዚያ ወላጆችም ለዓመታት የተቆጠሩት በአጭበርባሪነት ነበር።

ሆን ብሎ ገቢውን የደበቀ ሰው አይመልስ አላልኩም፤ ይመልስ። ግን እውነተኛ ትርፍ ክፍያ ሲኖር እንኳ ጥፋቱ የማን ነው ብሎ መጠየቅ የጋዜጠኛ ሥራ አልነበረም? ብሪታንያ ውስጥ ቤተሰብ የሚያስታምሙ ሰዎች የሚያገኙት አበል በ2024 የገቢ ጣሪያው በሳምንት 151 ፓውንድ ነበር፤ በአንድ ፓውንድ ያለፈው የዚያን ሳምንት አበል በሙሉ ያጣል። አበሉን የሚከፍለው መሥሪያ ቤት ጣሪያውን ያለፉትን ሰዎች የሚጠቁም መረጃ ከግብር ሰብሳቢው ይደርሰው ነበር። ብዙውን በጊዜው ሳያጣራ እያለፈ፣ ዕዳው ለዓመታት ከተከመረ በኋላ በአንድ ደብዳቤ ጠየቃቸው። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ካልሆነ በቀር፣ እዚያ ላይ «ተቀባዮች ገንዘብ ወሰዱ» ተብሎ ዜና ይሠራል?

በዘገባችሁ ግርጌ የመክፈያ መንገዶችን ዘርዝራችኋል፤ በባንክ፣ በስልክ፣ በየወሩ ተቀናሽ። የባንክ ሒሳብ ቁጥሩ ራሱ ሳይቀር አለ። በዚያው ልክ፣ በዚያው የፊደል መጠን ይህንንም አትሙልኝ፦ ደብዳቤ የደረሰው ሰው የክፍያ ስምምነት ከመፈረሙ በፊት ስሌቱ በየክፍያ ጊዜው ተዘርዝሮ በጽሑፍ እንዲሰጠው ይጠይቅ። መቃወሚያውን ወረቀቱ ላይ ካለው ቀነ ገደብ በፊት በጽሑፍ ያስገባ፤ የተቀበሉበትን ማስረጃም ይያዝ። ስህተቱ የመሥሪያ ቤቱ ከሆነ ወይም መክፈሉ ከኑሮ የሚያወጣው ከሆነ ዕዳው እንዲነሳለት ማመልከት ይቻል እንደሆነ ለብቻው ይጠይቅ፤ «ዕዳ የለብኝም» ማለትና «ዕዳው ይነሳልኝ» ማለት በብዙ አገር ሁለት የተለያዩ ማመልከቻዎች ናቸው። ነፃ የሕግ ምክር የሚሰጥ ካለ ሳይከፍል እዚያ ይሂድ። አስተርጓሚም ይጠይቅ፤ ልጁን አያስቸግር።

ኃላፊውን ዳግመኛ ስታነጋግሩ ደግሞ ሁለት ጥያቄ አቅርቡልኝ። ከላካችኋቸው ደብዳቤዎች ውስጥ በአማካይ ገቢ ብቻ የተሰሉት ስንት ናቸው? ከእነዚያስ ውስጥ ከመላካቸው በፊት ሰው አይቶ የፈረመባቸው ስንት ናቸው?

ከአክብሮት ጋር
ከ«ባለዕዳዎቹ» አንዱ